በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ዘንጉ ሲሰበር

ከአያት የቀረ፣ ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎድለው ከቱቦው ሥር የሚሰካው መጠቅጠቂያ ዘንግ ነው። በቦታው 8 ቁጥር ፌሮ የሚሰካ ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት፤ የፌሮው ጥርስ አፈሙዙን ይፍቀዋል፣ ዘንጉን የሚያቅፉትንም ቀለበቶች ያበላሻል።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከቆየ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። ቀጭን እንጨት እስኪቆም ድረስ በአፈሙዙ አስገቡና ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አውጡትና ምልክቱን ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር አስተካክላችሁ ከቱቦው ውጭ አስተኙት። ጫፉ እሳት እስከሚገባበት ቀዳዳ ከደረሰ ባዶ ነው። አራት አምስት ሴንቲሜትር ካጠረ ግን ጎርሷል ብላችሁ ያዙት፤ ሥራው እዚያው ይቁም፣ ለጠመንጃ ሠሪ ይሰጥ። የአንዳንዱ ታች ጠባብ ስለሆነ ባዶውም ሊያጥር ይችላል፤ ቢሆንም መጠርጠር ይሻላል። ሁለት አፍ ያለው ከሆነ ሁለቱም ይለካሉ።

እንጨቱ ላይ አትቸኩሉ፤ ዘንግ የሚሰበረው በአብዛኛው በቅጥነቱ ሳይሆን በጭረቱ፣ ማለትም የእንጨቱ ክር በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። በመጋዝ የተቆረጠ ጣውላ ጭረቱ በጎን ይወጣል፤ ሲገፉት በሰያፍ ተሰብሮ ስለቱ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የደረቀ እንጨት በመጥረቢያ ይፈለጥ። ክትክታ ጥሩ ነው። ወይራም ይጠነክራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ጭረቱ ስለሚጠማዘዝ ሲፈለጥ ቀጥ ብሎ የሄደውን ብቻ ውሰዱ። በመላጊያ መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎ ስምንት ማዕዘን፣ ከዚያ ክብ ታደርጉታላችሁ። ማለስለሱ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት መጨረስ ነው። ውፍረቱን ቀለበቱ ይወስናል፤ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው።

በዘንጉ ራስ ላይ የሚገጠመውን የናስ ጫፍ ከአሮጌ ቧንቧ ናስ ቶርኖ ቤት ያወጡላችኋል፤ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይነስ፣ እንጨቱም 20 ሚሊሜትር ይግባበት። ኤፖክሲ ብቻውን አይበቃም። በድሬዳዋ ሙቀት እንጨቱ ሲኮማተር ማጣበቂያው ይለቅና ጫፉ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። 2 ሚሊሜትር የናስ ሚስማር ወዲያና ወዲህ አሳልፋችሁ ሁለቱንም ጫፍ ቀጥቅጡት፣ ሞርዱት።

ቀለሙ የተልባ ዘይት ይሁን፤ በስሱ ተቀብቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይወልወላል፣ ሲደርቅ ይደገማል። ቫርኒሽ ቀለበቱ ላይ ይላጣል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፣ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ድሬዳዋ ላይ ልክክ ብሎ የገባ ዘንግ ሐረር በክረምት አብጦ ይነክሳል። ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ተዉለት። ከነከሰም በፒንሳ አትጠምዝዙት፤ ደረቅ ቦታ ጥቂት ቀን ሲቆይ ራሱ ይለቃል።