የአንድ እንቁላል ዋጋ፦ የእርሻዬን ሂሳብ እንዴት እንደተማርኩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ 200 የእንቁላል ዶሮዎች አሉኝ። ክትባቱን፣ የቤቱን ንጽሕናና ፈንግልን መከላከሉን ከእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተማርኩ፤ ይህን የሚያሳይ ሰው አይጠፋም። ንግዱን ያስተማሩኝ ግን በቆሎ የሚሸጡልኝ የእህል ነጋዴ ናቸው። እትዬ በሄድኩ ቁጥር፣ "ልጄ፣ ስንት እንደሸጥሽ ተይው፤ አንዱ እንቁላል ስንት ወጣበት?" ይሉኛል። መልስ ለመስጠት ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ብር ሳይሆን ኪሎ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ገደማ ትበላለች፤ ለ200ዎቹ 23 ኪሎ መኖ ይሄዳል። በቀን 160 እንቁላል ሲገኝ ለአንዱ 144 ግራም መኖ ይደርሰዋል። ወደ 120 ሲወርድ ግን 192 ግራም ይሆናል። የመኖው ኪሎ 40 ብር ቢሆን፣ የመጀመሪያው እንቁላል መኖ ብቻ 5 ብር ከ75 ሳንቲም፣ የሁለተኛው 7 ብር ከ67 ሳንቲም ይፈጃል። ገዢው ደግሞ ለሁለቱም የሚከፍለው እኩል ነው። ስለዚህ የየዕለቱን እንቁላል ቆጥሬ እጽፋለሁ፤ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል የማይጥሉትን ለይቼ እሸጣለሁ።

የዶሮዋም ዋጋ አለ። ቄቧ በ600 ብር ተገዝታ ስታረጅ በ450 ብትሸጥ፣ የጎደለው 150 ብር በጣለችው እንቁላል ላይ ይከፋፈላል፤ 250 ከጣለች በያንዳንዱ 60 ሳንቲም ነው። መብራት፣ መድኃኒትና የተሰበረ እንቁላል ይጨመራሉ። ደመወዜም እንዲሁ። ብዙ አርቢ ጉልበቱን በነፃ ይቆጥረዋል፤ ይህ አይዋጥልኝም። ሰው ቀጥሬ ቢሆን የምከፍለውን ያህል በየወሩ ለራሴ እከፍላለሁ። ሽያጩ የሚገባበትን ቴሌብር ለእርሻው ብቻ ለይቼዋለሁ፤ ቤት የበላነው እንቁላልም ይመዘገባል።

ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት ግን የጾሙ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይቆያል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በእነዚህ ጊዜያት ገበያው ይቀዘቅዛል፣ መኖው ግን አይቀንስም። ስለዚህ የ45 ቀን ቄቦችን በጥር አጋማሽ አስገባለሁ። መጣል የሚጀምሩት በአምስት ወራቸው ገደማ ስለሆነ፣ ዐቢይ ጾምን እያደጉ ያሳልፉትና ከፋሲካ በኋላ እንቁላል ይሰጣሉ። አሮጌዎቹን በሌላ ቤት አቆይቼ ለፋሲካ እሸጣቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ለወጥ የሚሆን ዶሮ ይፈለጋል።

አሮጌዎቹ በዚያ ጾም ለሚጥሉት እንቁላል አንድ ቁርስ ቤት አግኝቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ፣ ከበዓል ዋጋ ዝቅ፣ ከጾም ዋጋ ከፍ ብሎ፣ እንዲወስዱልኝ ጠየቅሁ። ባለቤቱ፣ "ለበዓል ሌላ ሰው ቢጨምርልሽስ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ትሪ ቀድሞ ይወጣል" አልኳቸው። ስምምነቱን በወረቀት አሰፈርን፤ እስካሁንም ለገና ዋዜማ መጀመሪያ የሚደርሰው የእሳቸው ነው።

በቆሎ የሚረክሰው ምርት በገባ ሰሞን፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ዕቁብ የገባሁት በዚያ ሰሞን በብዛት ለመግዛት ነው፤ ዕጣዬ በሌላ ወር ከወጣ ከሚስማማኝ ሰው ጋር እቀያየራለሁ። እትዬ ፍሬውን በጥርስ ነክሶ መፈተን አሳይተውኛል። ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ እርጥብ ነው፤ እርጥቡ በሚዛን ላይ ውሃ ያስገዛል፣ ሲከማች ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ዶሮ ይጎዳል።

ዘንድሮ ከጎረቤት አርቢዎች ጋር ተነጋግረን ለመኖ የሚሆነውን አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ በአንድ መኪና አስመጣን። የጭነቱን ዋጋ በኪሎ ተካፍለን እያንዳንዳችን በየደብተራችን ጻፍነው።