ደሴ ተቀምጬ የአክቲንግ አሠልጣኝ እንዴት መረጥኩ

እኛ ጋ መድረክ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ የሚነገርህ «ድምፅህን አውጣ፣ ከኋላ ያለውም ይስማህ» ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ጀምሮ በዚሁ ነው ያደግኩት። ፊልም ውስጥ ልግባ ስል ግን የሚያስፈልገኝ የዚህን ተቃራኒ የሚያስተምረኝ ሰው ነበር። ካሜራው አፍንጫህ ሥር ቆሞ ምን ያስጮህሃል?

ያገኘሁትን አሠልጣኝ ሁሉ «ከመመዝገቤ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልይ?» እያልኩ ጠየቅኩ። ይቺ ጥያቄ ብዙውን አጣራችልኝ። አንዱ «አይቻልም፣ ሚስጥር ነው» አለኝ። የምን ሚስጥር! ሌላው ገና ስለ ትምህርቱ ሳያወራኝ ስንት ፊልም ሠሪ እንደሚያውቅ ይተርክልኝ ጀመር፤ ኮርሱን ከጨረስክ ሮል አለህ አለኝ። ሮል የሚሰጠው ዳይሬክተሩ ነው፤ እሱን ትቼ ሄድኩ።

አንዱ ጋ ግን ገብቼ አየሁ። «የማስተምረው ሜተድ ነው» ብሎ አንዲት ልጅ የሞተባትን ሰው እያሰበች እንድታለቅስ አደረገ። አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጋት እሱም አላወቀም። ሜተድ የሚባለው የራስን ትዝታና ስሜት ተጠቅሞ የመተወን ዘዴ ነው፤ የበቀለውም ከሩሲያዊው የቴአትር ዳይሬክተር ከስታኒስላቭስኪ ትምህርት ነው። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ሰውዬውን ራሱን አግኝታ ኒውዮርክ ስትመለስ ግን የተናገረችው ሌላ ነው፦ የራስን ቁስል ከመነካካት ይልቅ ገጸ ባሕሪው ያለበትን ሁኔታ በምናብ መኖር ይቅደም። ከዚያ ወዲህ «ሜተድ» የሚለኝን ሰው «እንባው እምቢ ካለስ?» እለዋለሁ። የሚያውቅ ሰው መልስ አያጣም።

የመረጥኩት ኮምቦልቻ ያለ፣ ቴአትር ተምሮ ቀረጻ ላይም የሠራ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ስልክ፣ ማቆሚያና ወንበር ብቻ። አንዲት ተማሪ ፊቷ ብቻ እንዲታይ አድርጎ «እናቴ ደውላ ነበር» አስባላት። ቪዲዮውን መልሶ ከፈተላት። «ቅንድብሽ ከቃሉ ቀድሞ ተነሣ። ለማን ነው የምትነግሪው? ምን እንዲያደርግልሽ? አብሽሪ፣ ድገሚው።» ስትደግመው ቅንድቧ አልተንቀሳቀሰም፤ ስልኩ ክፉ ወሬ ይዞ እንደመጣ ግን ሁላችንም ገባን። ቀጥሎ ሲኒ ሰጣትና የትኛው ቃል ላይ እንዳነሳችው ጠየቃት። አንድ ትዕይንት ከሩቅም ከቅርብም ተደጋግሞ ይቀረጻል፤ ሲኒው አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እጅ ላይ ከተገኘ ኤዲተሩ መግጠሚያ ያጣል።

«ወሎዬ አነጋገርህን አጥፋ» ያሉኝም ነበሩ። የኮምቦልቻው ሰው ግን አንዱን መስመር በደሴም በአዲስ አበባም አነጋገር ያስብለኛል። የወሎ ገበሬ የሚጫወት ሰው ሲፈለግ ታዲያ ከየት ሊመጣ ነው?

ከመክፈሌ በፊት የቀድሞ ተማሪዎቹን አነጋገርኩ፤ ክፍያውንም በየወሩ አደረግነው። አሁን አዲስ አበባ ኦዲሽን ሲኖር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመጓዜ በፊት በስልኬ ቀርጬ እልካለሁ። ከመላኬ በፊት እሱ ያየዋል፤ ብዙ ጊዜ «ድገመው» ነው የሚለኝ።