ሌሊት ሌሊት የሚጠፋው ቤንዚን፦ ከጂቲኦ ጋር ሦስተኛ ዓመቴ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬ አምስት ቀን ከቆመች በኋላ ቁልፉን ገና እንዳዞርሁት ተነሣች። ለሌላ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም፤ እኔ ግን ሦስት ዓመት የደከምሁበት ስለሆነ፣ በዚሁ ነገር የምትንገላቱ ካላችሁ ብዬ ጻፍሁት።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1968 የተሠራች ፖንቲያክ ጂቲኦ ስትሆን፣ ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 400 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 6.6 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህች መኪና ጋር የተዋወቅሁት በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ ነው። አንድ ደንበኛ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሲሄድ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ያለውን አጭር መንገድ ሆን ብዬ አዘግም ነበር፤ የማርሚታው ጉርምርምታ ከሲሚንቶው ግድግዳ እየተመለሰ ደረቴ ድረስ ይሰማኝ ነበርና። ዕድሜዬ ገፍቶ ለመግዛት ስነሣ 1968ቱን የመረጥሁት፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1971 እርሳስ አልባ ቤንዚን ይመጣል ብሎ የሞተሮቹን ጭመቃ ስለቀነሰና ጉልበታቸውም አብሮ ስለወረደ ነው።

ፍሬኑን፣ የቤንዚን ጎማዎቹንና ካንዴላዎቹን መቀየር የማንኛውም ጋራዥ ሥራ ስለሆነ አልዘረዝረውም። ፑንቲናውን፣ ማለትም የካንዴላዎቹን ብልጭታ ለማስነሣት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ክፍል፣ አውጥተው ኤሌክትሮኒክ የሚያስገቡ ሰዎች ግን አይገቡኝም፤ ፑንቲናው የሚቀመጥበት ዲስትሪቢዩተር ክዳኑ ትንሽ መስኮት ስላላት፣ ሞተሩ እየሠራ ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበትን ልክ በቀጭን ቁልፍ 30 ዲግሪ ላይ ማስተካከል ይቻላል።

መከራዬ ሮቸስተር ኳድራጄት የሚባለው ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነበር። አየር የሚያልፍባቸው አራት ጉሮሮዎች አሉት፤ ሁለቱ የፊተኞች ጠባብ ስለሆኑ ለዘወትር ጉዞ ሲበቁ፣ ሰፋፊዎቹ የኋለኞች ነዳጁ ሲረገጥ ይከፈቱና ጉርምርምታው ግሣት ይሆናል። ታዲያ መኪናዋ ቆማ ካደረች፣ ሞተሪኖው እስኪዝል ድረስ አትነሣም ነበር። መጀመሪያ ኢታኖል የተቀላቀለበትን የዘመኑን ቤንዚን ወቀስሁ፤ ቀጥሎም ምንም ያልሆነውን የነዳጅ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ቀየርሁ፤ ያወጣሁትን ገንዘብ ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም።

ነገሩን የገለጠልኝ አንድ ገጽ ጋዜጣ ነው። ካርቡሬተሩን አውርጄ፣ በውስጡ ያለውን ትንሽ ማጠራቀሚያ ቤንዚን ሞልቼ፣ ከእሳት በራቀ ደጅ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አስቀመጥሁት። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ እርጥበት ወጥቶበታል። ለካስ በፋብሪካ የተቦረቦሩት ቀዳዳዎች ከሥር በትናንሽ የብረት ድፋኖች የተዘጉ ስለሆኑ፣ ድፋኖቹ ሲያረጁ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል፤ መሬት ላይ ምልክት ስለማይተውም ማንም አይጠረጥረውም። ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ባዶውን ማጠራቀሚያ የሚሞላው በሞተሪኖው ድካም ነው። ድፋኖቹን ፍቄ፣ ቤንዚን የማያሟሟው ኢፖክሲ ቀብቼ፣ አንድ ቀን ሙሉ አደረቅሁት።

ካርቡሬተሩን ጥላችሁ በኮምፒዩተር የሚሠራ የቤንዚን መርጫ ግጠሙ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ጋዜጣው ከሁሉ ይረክሳል። እኔ ራሴ ግን በትዕግሥት የሠራሁ እንዳይመስላችሁ። መልሼ ስገጥመው ከእንግዲህ እንዳያፈስ ብዬ የፊቶቹን ረጃጅም ብሎኖች ከልክ በላይ ስላጠበቅኋቸው የካርቡሬተሩ ክዳን ተጣመመ፤ ሌላ ክዳን ከአሮጌ መኪና እስካገኝ ድረስም ሁለት ወር ቆመች። ጥብቀቱን የሚለካ ቁልፍ ነበረኝ፤ ከሣጥኑ ማውጣት ሰንፌ ነው።

አሁን የቀረው፣ የኋለኞቹ ጉሮሮዎች ሲከፈቱ ለቅጽበት መታነቋ ነው። የላይኛው የአየር በር ስፕሪንግ ላልቶ ይመስለኛል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅሁ፣ አመሻሽ ላይ ሰው በሌለበት ጎዳና እየሞከርሁት ነው።