የሙሽራ የእጅ አበባ ቤት ውስጥ መስራት፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ናችሁ ልጆች፣ የአበባ ስራ ለምትለማመዱ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። የአጎቴ ልጅ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ኮምቦልቻ ታገባለች፣ የእሷን የእጅ አበባና የሚዜዎቿን የምሰራው እኔ ነኝ (ዲኮር ቤት የጠየቃቸውን ብር ሲሰሙ ነው እኔ ትዝ ያልኳቸው ሃሃ)፣ እና ከክረምት ጀምሮ እዚሁ ደሴ ቤቴ ውስጥ እጄን ሳፍታታ ከርሜ በመሃል ለጎረቤታችን ልጅ ኒካህ አንድ ሰርቼ አስረክቤያለሁ፣ ተመስገን እስከ ማታ አንገቱን ሳይደፋ ነው የዋለው።

ቪዲዮ ላይ የሚያሳዩን በሙሉ ማሰሩን ነው። ማሰሩ እኮ እጅ ሲለምደው ይመጣል፣ አበባው ሙሽራዋ እጅ ላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን ከሰርጉ በፊት ባልዲ ውስጥ የሚያድርበት ሌሊት ነው፣ እኔ አሁን ጊዜዬን ሁሉ የማጠፋው እሱ ላይ ነው። አስቡት፣ የአገራችን ጽጌረዳ በብዛት የሚበቅለው ዝዋይ፣ ሆለታ፣ ሰበታ አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፣ ይሄን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ውሃ ሳይቀምስ ሲመጣ ዘንጉ ውስጥ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አየር ይገባባቸዋል፣ አየር ከገባ በኋላ ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ብታቆሙትም አይጠጣም። ሳይፈካ አንገቱ የሚሰበረው ለዛ ነው እንጂ አበባው መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ አበባው ቤት እንደገባ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የሚነከረውን ቅጠል በሙሉ አራግፋለሁ፣ ውሃ ውስጥ የቀረ ቅጠል ይበሰብስና ባክቴሪያ ያፈላል። ከዛ ከታች ሁለት ሶስት ሳንቲ ሜትር በሰያፍ እቆርጣለሁ፣ በደንብ በተሳለ ቢላ፣ ምክንያቱም የደነዘ መቀስ ዘንጉን ጨፍልቆ ያንኑ ቱቦ ይዘጋዋል። ወዲያው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ለብ ያለው ከቀዝቃዛው ቶሎ ይወጣለታል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ በረኪና አደርጋለሁ፣ ስኳሩ ለአበባው ምግብ ነው፣ በረኪናው ደግሞ ስኳሩን ብሎ የሚመጣውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ ስኳር ብቻ አድርጋችሁ እንዳትተዉት ከባዶ ውሃም ይብሳል። ሎሚ የሚጨምሩም አሉ፣ እኔ ትቼዋለሁ፣ ሎሚና በረኪና ሳይበረዙ ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

አንገቱን የደፋ ካገኛችሁ ቶሎ አትጣሉት፣ አብሽሩ፣ ጋዜጣ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና እንደገና ቆርጣችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ጥቂት ሰዓት አቁሙት፣ ብዙ ጊዜ ቀና ይላል።

ፍሪጅ የላችሁም ካላችሁ የጥር ሌሊት ደሴ ላይ ፍሪጅ ነው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ማሳደር ይበቃል፣ ውርጭ በረንዳ ላይ ግን አታውጡት ያቃጥለዋል። ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ ሙዝና ማንጎ አብሮ እንዳይገባ፣ የበሰለ ፍራፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አበባውን ያስረጀዋል፣ ሰርግ ቤት ደግሞ ሙዝ አይጠፋም እና ተጠንቀቁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ቅጠሉ። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች በውድ የሚገዙት ያ ብርማ ቅጠል የባህር ዛፍ ዘመድ ነው፣ እኛ ደግሞ ጦሳ ተራራ ስር ሆነን የባህር ዛፍ ችግር የለብንም። ነጭ ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ላይ የሚያቆጠቁጠውን እዩት፣ ቅጠሉ እንደ ትልቁ ዛፍ ረጅምና ማጭድ የመሰለ አይደለም፣ ሰፋ ያለ፣ ሰማያዊና ብር የተቀላቀለበት፣ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ዘንጉ ላይ ልጥፍ ያለ ነው፣ ዘንጉ ራሱ ስትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት የመሰለው ሰም ነው፣ በጣታችሁ ካሻሻችሁት ይለቅና አረንጓዴ ጠባሳ ይተዋል፣ እና ሁሌም በዘንጉ ያዙት። የሰው ማሳ ከሆነ ጠይቃችሁ ቁረጡ። አክስቴ ይዤ ስገባ አይታ «አንቺ ልጅ፣ ለሙሽራ ማገዶ ልታሸክሚያት ነው?» አለችኝ፣ ከነጭ ጽጌረዳ ጋር አድርጌ ሳሳያት ግን ዝም ብላ አንድ ዘንግ መዝዛ ለራሷ ወሰደች። ውሃ ላይ ደግሞ ከጽጌረዳው በላይ ነው የሚቆየው።

ለሽታ መሃል ላይ አሪቲ ጣል አደርጋለሁ፣ ወሎ ሆኖ ያለ አሪቲ አይሆንም። ጤና አዳም ግን ለሙሽራ እጅ አልመክርም፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ፎቶ ስትነሳ የምትውለው ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው።

አስተሳሰሩ ላይ፣ ዘንጎቹን እንደ ጤፍ ነዶ ቀጥ አድርጋችሁ ከያዛችኋቸው መሃሉ ተጨናንቆ ዳሩ ባዶ ይሆናል። አንዱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀጣዩን ሰያፍ፣ የሚቀጥለውንም ሰያፍ በዚያው አቅጣጫ፣ አንድም ወደ ሌላ እንዳይዞር፣ እየጨመራችሁ በእጃችሁ ውስጥ ትንሽ ትንሽ አዙሩት። ሲያልቅ ሁሉም የሚገናኙበት ቦታ ላይ በጠንካራ ክር ጥብቅ፣ ከስር እኩል ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ራሱን ችሎ ከቆመ በቃ ገብቷችኋል ማለት ነው። ለሙሽራዋ 20 እስከ 25 ጽጌረዳ ይበቃል፣ ከዛ በላይ እጇን ያደክማታል፣ ለሚዜ ግማሹ። ከላይ የሳቲን ሪባን፣ በስፒል ወደ ላይ ሰያፍ አድርጎ መውጋት፣ ጫፉ እንዳይወጣና ቬሎውን እንዳይዝ። እሱ ላይ ብዙ የምለው የለም።

ያሳሰበኝ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ፣ ሀረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ደሴ ላይ ጭምት ብሎ አልፈታ ያለኝ እንቡጥ እዛ ወስጄ ሳየው ከምሳ በፊት ፍክት ብሎ ነው ያገኘሁት፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ቶሎ ነው የሚረግፈው። ስለዚህ ለደሴ ሰርግ ከሆነ አበባውን ሁለት ቀን ቀድሜ አምጥቼ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ከፈት እንዲል አደርጋለሁ፣ ለኮምቦልቻው ግን ግማሽ ድረስ ብቻ የተከፈተ መርጬ እዚሁ ብርድ ላይ አሳድሬ ማለዳ አስሬ ባልዲው ውስጥ እንዳለ በመኪና ይዤ ልወርድ ነው ያሰብኩት፣ ሪባኑን እዛው ስደርስ አስራለሁ፣ ካሁኑ ካሰርኩት ይረጥባል። ለፎቶ በወጣች ቁጥር አንዷ ሚዜ ጆግ ይዛ እንድትከተል አድርጌያለሁ፣ ስትቀመጥ አበባውም ውሃው ውስጥ ይቀመጣል።

የቀረኝ የሙሽራው የኮት አበባ ነው። ፍሎራል ቴፑ ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ሳብ እያደረጋችሁ ስትጠመጥሙት ነው የሚጣበቀው፣ እሱን ለምጄዋለሁ፣ ግን አንዷ ጽጌረዳ ያለ ውሃ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ስንት ሰዓት ትቆይ ይሆን? እዛ ሰርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጽጌረዳ ነው ያደረጋችሁት ወይስ ሌላ ጠንካራ አበባ? ሮዝመሪና የባህር ዛፍ ቅጠል ብቻ አድርጌ ልሞክረው ወይ እያልኩ ነው፣ የሞከራችሁ ንገሩኝ።