ሙዝ ከማን ጋር፣ በስንተኛው ወር?

ሙዝ ተክሎ የመጀመሪያውን ዘለላ ለመቁረጥ ቆላ ላይ እንኳ አንድ ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል። ሩብ ሄክታር ይዞ ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ ይህን ያህል ጊዜ መሬቱን ባዶ አያኖርም። ስለዚህ በአርባ ምንጭ ዙሪያ በመስመሮቹ መሃል ቦሎቄ ይገባል፣ በቆሎ ይገባል፣ ጎደሬ ይገባል፤ በሲዳማና በጌዴኦ ጓሮ ደግሞ ሙዙ ራሱ ነው በቡናና በእንሰት መሃል የሚገባው።

ቅልቅሉ ሳይሳካ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ጎረቤቱ ሰብል ነው፤ «በቆሎው ሙዙን ገደለው» ይባላል። በቆሎው ግን በሁለተኛው ወር ጥሩ ጎረቤት ነበር፤ ጠላት የሆነው በሰባተኛው ወር ስለተዘራ ነው። ሙዝን ከሌላ ሰብል ጋር ስትተክሉ ከሰብሉ ስም ይልቅ ወሩን ተከታተሉ።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሥርና ጥላ። የሙዝ ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር አይወርድም፤ ወደ ጎን ግን አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከጥልቅ ውሃ መሳብ ስለማይችል ላይ ላዩን ሥር የሚሰድ ሰብል ሁሉ ተፎካካሪው ነው። ቅጠሉ ደግሞ በሞቃት ቦታ በየ7 እስከ 10 ቀኑ አንድ ይጨምራል። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ወር ላይ የጎረቤታሞቹ ሙዞች ቅጠል ይነካካና ከሥር ያለው መሬት ጥላ ይሆናል። ከዚያ በፊት ፀሐይ የሚፈልግ ሰብል ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚችል ብቻ።

አተካከሉ ይህን ካላሰበ የኋላው ድካም ከንቱ ነው። በየ2.5 ሜትሩ በአራቱም አቅጣጫ እኩል የተተከለ ሙዝ ቶሎ ይዘጋል። ለቅልቅል ማሳ የሚሻለው ድርብ መስመር ነው፤ ሁለት የሙዝ መስመሮች በ2 ሜትር ተቀራርበው፣ በመስመሩ ላይም በተክልና በተክል መሃል 2 ሜትር ተትቶ፣ ከሚቀጥለው ድርብ መስመር ግን 4 ሜትር ይራቃሉ። በሄክታር 1,666 ያህል ተክል ይገባል፤ በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር፣ 416 ያህል። በ3 በ2 ሜትር ቢተከልም የተክሉ ቁጥር ይኸው ነው። ልዩነቱ ባዶው መሬት 4 ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ ተሰብስቦ መገኘቱ ነው። መሬቱ ሜዳ ከሆነ መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሄድ መተላለፊያው ብዙውን ቀን ብርሃን ያገኛል። ተዳፋት ከሆነ ግን የፀሐዩን ነገር ተዉትና ቁልቁለቱን አቋርጣችሁ ትከሉ፤ አፈሩ ከታጠበ ብርሃን ምን ያደርጋል።

ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የሥሩ ለብቻ ይከመራል። ጥቁሩ አፈር ከ10 እስከ 15 ኪሎ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ ይመለሳል። ትኩስ ፍግ ሲብላላ ስለሚሞቅ ሥሩን ያቃጥላል።

ለተከላ ከእናቲቱ ሥር ከሚወጡት ልጆች፣ ባለሙያዎች ሳከር ከሚሏቸው፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቀጠነውንና ከሥሩ የደነደነውን ምረጡ። ገና በአጭሩ ሰፊ ቅጠል የዘረጋው ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው፣ ዘለላውም ትንሽ ይሆናል። ከተነቀለ በኋላ ሥሮቹንና የሥረ ግንዱን ጥቁር ልጣጭ ነጩ እስኪታይ በቢላ ላጡት። ሥረ ግንዱ በእንሰት አምቾ የምንለው ክፍል መሆኑ ነው። ሲላጥ እርሳስ የሚያስገባ ቡናማ ቀዳዳ ከታየ የነቀዝ እጭ ገብቶበታልና ጣሉት። ንጹሕ የሆነውን ውሃ በሚፈላበት በርሜል ውስጥ 30 ሴኮንድ ነክራችሁ አውጡ። ይህ ላዩ ላይ ያሉትን ኔማቶዶች፣ ማለትም ሥር የሚጎዱ ደቃቅ ትሎች፣ እና የነቀዝ እንቁላል ይገድላል፤ ቆጠራው ግን ትክክል ይሁን፤ ብዙ ከቆየ ተክሉ ራሱ ይበስላል። ይህን ሥራ ዘልሎ መትከል ተባዩን በገዛ እጅ ማሳ ውስጥ መትከል ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ከቦሎቄ የሚሻል የለም፤ በሦስት ወር አካባቢ ይደርሳል፣ አጭር ነው፣ ናይትሮጅንም ከአየር ይይዛል። ቁጥቋጦ ዓይነቱ ይሁን እንጂ የሚጠመጠመው አይሁን። በ4 ሜትሩ መተላለፊያ ውስጥ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሰባት መስመር ይገባል፤ ከሁለቱም በኩል ለሙዙ 80 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሲሰበሰብ ከመንቀል ማጨድ ይሻላል፤ ሥሩ እዚያው ይብላላ፣ ገለባውም ለሙዙ ጉዝጓዝ ይሁን። በቆሎ ከተፈለገ ቶሎ የሚደርስና አጭር ዝርያ፣ ከሙዙ ጋር በአንድ ሰሞን ተዘርቶ፣ በመተላለፊያው መሃል ሦስት መስመር ብቻ በ75 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ካለፈ የበቆሎው ጥላ ገና ጉልበት ያላወጣውን ሙዝ ያቀጭጨዋል፤ ቀጫጫ ሆኖ ያደገ ሙዝ ደግሞ ኋላ ማዳበሪያ ቢያገኝም ዘለላው አይካስም።

ስኳር ድንች ላይ ክርክር አለ። መሬት ይሸፍናል፣ አረም ያፍናል፣ ለሽያጭም ቶሎ ይደርሳል። ይሁንና ሐረጉ ሄዶ ሄዶ የሙዙን ግርጌ ይወርሳል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ቁፋሮው ነው። ስኳር ድንች በዶማ ሲወጣ የተቆረጠው የሙዝ ሥር ዓይን አያየውም፤ ከወር በኋላ ግን ሙዙ ያለ ምክንያት ቆሞ የቀረ ይመስላል። የምትዘሩት ከሆነ በመተላለፊያው መሃል ሁለት ሜትር ላይ ወስኑት። ዱባ፣ ኪያርና ቲማቲም ግን አይግቡ። የኪያር ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ እነዚህንም ሙዝንም ያጠቃል፣ ክሽክሽ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳትም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቅጠሉ ላይ ፈዛዛ ቢጫ መስመር ያወጣ፣ አዲሱ ቅጠል ከውስጥ የበሰበሰ ለጋ ሙዝ ካያችሁ ጎረቤቱን ሰብል ተመልከቱ።

ከስድስተኛው ወር በኋላ ጥላውን የሚወድ ጎደሬ፣ ዝንጅብልና እርድ ተራቸው ይደርሳል። ጎደሬ ከሁሉም ይስማማል፤ እርጥበት ይፈልጋል፣ የመስኖ ቦይ ዳርም ይወዳል። ሆኖም ጎደሬ የሚችለውን ውሃ ሙዝ አይችልም። ውሃ ተኝቶ ለሁለት ቀን ያህል ከቆየበት የሙዝ ሥር ይታፈናል፤ ስለዚህ ጎደሬው ዝቅ ባለው፣ ሙዙ ከፍ ባለው ላይ ይሁን። ሦስቱም ሲነሱ መሬት ይቆፈራል፤ ከሙዝ ግንድ 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ዶማ ከነጭራሹ አይግባ፣ አረሙም እዚያ በእጅ ይነቀል።

በቅልቅል ማሳ ሙዙን በሥርዓት የሚያኖረው ልጆቹን መቀነስ ነው። በአንድ ጉድጓድ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ፤ ሦስት ብቻ፤ ሌላው ገና ጉልበት ሳይደርስ ይወገድ። የሚቀረው ልጅ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በመስመሩ ላይ የወጣው ይሁን። ወደ መተላለፊያው የወጣውን የሚተው ሰው በሦስተኛው ዓመት 4 ሜትሩን 2 ሜትር አድርጎ ያገኘዋል። ለማብሰያ የሚሆነው የሙዝ ዓይነት፣ ፕላንቴን፣ ልጅ የሚሰጠው ዘግይቶና በጥቂቱ ስለሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ምርት በኋላ እንደ አዲስ መትከል ይሻላል።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ሙዝ ከሁሉም በላይ የሚበላው ፖታሲየም ነው፤ ከማሳ የሚወጣ አንድ ቶን ፍሬ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይዞ ይሄዳል። በጥማድ 400 ዘለላ፣ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ቢሆን 8 ቶን ነው፤ ከ40 ኪሎ በላይ ፖታሲየም በዓመት ተጭኖ ሄደ ማለት ነው። ገበሬው የሚያገኛቸው ማዳበሪያዎች፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ፣ ደግሞ ፖታሲየም የላቸውም። ቦሎቄውም ናይትሮጅን እንጂ ይህን አያመጣም። የጎደለው በአሮጌ ቅጠሎች ይታወቃል፤ ከጫፋቸው ጀምረው ወርቃማ ቢጫ ሆነው ይደርቃሉ፣ አጥንታቸውም ይታጠፋል። መፍትሔው ከማሳ የሚወጣውን መቀነስ ነው። ግንዱም፣ ቅጠሉም፣ የበቆሎው አገዳም እዚያው ይቅር፤ ለከብት ከተሰጠ ፍጉ ይመለስ። የምድጃ አመድ በየጉድጓዱ በዓመት አንድ ሁለት ኪሎ በስሱ ቢበተን ይረዳል። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር ግን አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል። አፈሩ ጨዋማ በሆነበት ደግሞ አመድ ጭራሽ አይጨመር።

ሙዝ ካበበ በኋላ አዲስ ቅጠል አያወጣም። ያን ቀን ያለው ቅጠል፣ ቢያንስ ስምንት ጤነኛ ቢሆን፣ ዘለላውን እስከ መጨረሻው የሚያበላው እሱ ብቻ ነው። ለዳቦ መጋገሪያ፣ ለከብት፣ ለገበያ መጠቅለያ እየተባለ ካበበ ሙዝ ቅጠል መቁረጥ ፍሬውን መቀማት ነው።

ቅጠል መቁረጥ የሚያመጣው ሌላም አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታና የሙዝ አጠውልግ በሽታ አንድ ናቸው፤ ያው ባክቴሪያ ነው። በሳይንስ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ አገራችን ነው፤ በእንሰት ላይ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ በሙዝ ላይ በ1974 እ.ኤ.አ.። ጠዋት የሙዝ ልጅ የተቀነሰበት ቢላ ከሰዓት ለድፎ ዳቦ የእንሰት ኮባ ይቆርጣል፤ ጠብታ የማታክል ፈሳሽ ከስለቱ ላይ ይዞ ይሻገራል። የቤተሰቡ የዓመታት ስንቅ የሆነው እንሰት በአንድ ከሰዓት ሥራ ይያዛል።

ምልክቱን ለማየት የተጠረጠረውን ግንድ ቁረጡና ትንሽ ቆሙ። በአምስት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ገጽ ላይ ክሬም የመሰለ ቢጫማ ፈሳሽ በነጠብጣብ ይወጣል። ፍሬው ሳይደርስ እኩል ባልሆነ መልኩ ቢጫ ይሆናል፤ አንዱ ፍሬ ሲሰነጠቅ ውስጡ የዝገት ቀለም ይዟል። በፈንገስ የሚመጣው የፓናማ በሽታም ቅጠሉን ያጠወልጋል፤ ነገር ግን ፈሳሽ አያወጣም፣ ፍሬውንም ከውስጥ አያዝገውም።

መከላከያው ርካሽ ነው። የመጨረሻው የፍሬ እጅ፣ ማለትም በዘለላው ላይ አብሮ የወጣው የፍሬ ረድፍ፣ እንደተገለጠ ከዘለላው ጫፍ የሚንጠለጠለውን ወይን ጠጅ እምቡጥ በባላ እንጨት ጠምዝዛችሁ ስበሩት። ነፍሳት በሽታውን ይዘው የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። በቢላ አይቆረጥ፤ ባላ የተባለው ስለት ከተክል ወደ ተክል እንዳይሄድ ነው። ቢላና ገጀራ በአንድ እጅ በረኪና ለአምስት እጅ ውሃ ይነከር፣ ወይም በእሳት ላይ በደንብ ይሙቅ፤ ይህም ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ እንጂ በቀኑ መጨረሻ አይደለም። እንሰቱ የራሱ ቢላ ይኑረው። የታመመው ሙዝ ከመሬት እኩል ተቆርጦ ይወድቅ፤ ከብትና ፍየል አይብሉት፤ በየሳምንቱ እየተዞረ አዲስ የታመመው ይወገድ። ሙዝና እንሰት ቅጠል ለቅጠል ባይነካኩ፣ በመሃላቸው ቡና ቢቆም እጅግ የተሻለ ነው።

ቡናና ሙዝ በእውነት ይዋደዳሉ። ቡናው በ2 በ2 ሜትር ከሆነ ሙዙ በየ4 ሜትሩ፣ በአራት ቡናዎች መሃል ይግባ፤ በሄክታር 625 ይሆናል። ለለጋው ቡና ጥላ፣ ለአዋቂው ጉዝጓዝ ይሰጣል። እዚህ በጉድጓድ ሁለት ግንድ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ በበጋ ውሃውን ይሻማል።

የወደቀ ሙዝ ስታዩ ነፋስን ከመውቀሳችሁ በፊት ሥሩን ገልብጡ። ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ሥሮቹ አጫጭርና ጥቁር ከሆኑ ኔማቶድ ነው። ከሥረ ግንዱ ተሰብሮ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ነቀዝ ነው። ከመሃሉ ከታጠፈ ያኔ ነፋስ ነው፣ ወይም ዘለላው ከብዶ ደጋፊ ባላ አልተደረገለትም።

ነቀዙን ለመቀነስ ጉዝጓዙን ከግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ እርጥቡን ግርጌ ይወዳልና። ዘለላው የተቆረጠለትን ጤነኛ ግንድ በግማሽ ሜትር ቆራርጣችሁ ለሁለት ሰንጥቁና የተሰነጠቀውን ገጽ ወደ መሬት አድርጋችሁ በሙዙ ግርጌ አስቀምጡ። ጥቁሮቹ ነቀዞች ሌሊት ሽታውን ተከትለው ከሥሩ ይሰበሰባሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገልብጡትና ለቅማችሁ ግደሏቸው፤ ግንዱንም ከትፋችሁ ፀሐይ ላይ በትኑት። እዚያው ከተረሳ ወጥመዱ የነቀዝ መራቢያ ይሆናል።