ጫማው ጓንዡ እያለ ነው የሚፈተሸው

አባዬ ጫማ ሲመጣለት ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። አይጠብም ወይ? ክረምቱን ይችላል ወይ? ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስተማረ ሰው ነው። እግሩ ከፊት በኩል ሰፍቷል፣ የአውራ ጣቱ አጥንትም ወጣ ብሏል። አምና ለፋሲካ ከቻይና ያዘዝኩለት ቡናማ የቆዳ ጫማ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

ሁልጊዜ የሚያደርገው 42 ስለሆነ 42 ብዬ አዘዝኩ። የመጣውም 42 የሚል ተጽፎበት ነው። ተረከዙን በማንኪያ ነው ያስገባው። እኔን ላለማስከፋት "ቆዳ አይደል፣ ይለቃል" አለና አድርጎት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሲመለስ ካልሲው ላይ ደም ነበር። አንጀቴን በላው።

ጫማውን ወንድሜ ወሰደው። ሐምሌ ላይ ሶሉ ከፊት በኩል እንደ አፍ ተከፈተ። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ገልበጥ አድርገው አዩትና የሶሉን ጠርዝ በወስፌ ነካ ነካ አደረጉት። "ይሄ ክር ይታይሻል ልጄ? የተሰፋ ነው የሚመስለው። ግን ላስቲኩ ላይ የታተመ ጌጥ ነው። እስካሁን ይዞት የቆየው ማስቲሽ ብቻ ነው" አሉኝ። እውነትም ጠጋ ብዬ ሳየው ክሩ የትም አይገባም፣ ከየትም አይወጣም።

ሻጩ "መልሺልኝና ገንዘብሽን እመልሳለሁ" ብሎኝ ነበር። አንድ ጥንድ ጫማ ከአዲስ አበባ ወደ ቻይና ለመላክ የተጠየቅኩት ዋጋ ግን ከጫማው በለጠ። ከዚያ ወዲህ ጫማ የምፈትሸው እዚያው ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ እያለ ነው። ዕቃ የሚቀበልልኝ እዚያ የሚኖር ሐበሻ አለ። ከሻጮች ሰብስቦ በካርጎ ነው የሚልከው። ጫማው እሱ እጅ ላይ እስካለ ድረስ ይመለሳል፣ ይቀየራል። አውሮፕላን ላይ ከወጣ አለቀ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሸወደው ቁጥሩ ላይ ነው። የአውሮፓ ቁጥር የሚለካው እግራችንን ሳይሆን ጫማው የሚሠራበትን ቅርጽ ነው። አንዱ ቁጥር የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ስለዚህ 42 ማለት 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ነው። እግር እዚያ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል ቦታ ይትረፍ የሚለውን ፋብሪካው ነው የሚወስነው። ቻይኖች ደግሞ የቆየ የራሳቸው ስሌት አላቸው። የእግሩን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ወስደው በሁለት ያባዙና 10 ይቀንሳሉ። 26 ሴንቲ እግር 42 ይሆናል፣ 27 ሴንቲ እግር 44 ይሆናል። ናይኪ ላይ ሂዱና እዩ፣ 27 ሴንቲ የሚለው የወንድ ጫማ በአውሮፓ ቁጥር 42 ተኩል ነው። እግሩ ያው እግር ነው፣ ቁጥሩ ግን በአንድ ተኩል ተለያየ! የአሜሪካው ደግሞ ለወንድና ለሴት ይለያል፣ የናይኪ የሴት 8 ተኩል የወንድ 7 ነው። ስለዚህ ሻጭን "42 አለህ?" ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። የማወራው በሴንቲ ሜትር ነው።

የአባዬን እግር የለካሁት ማታ ነው፣ ቀን ሲቆም ሲሄድ የዋለ እግር ስለሚያብጥ። ወረቀት ግድግዳው ሥር አነጠፍኩ፣ ተረከዙን ግድግዳው ላይ አስነካሁት፣ ክብደቱን ጥሎ እንዲቆም አደረግኩ። የእግሩን ዳር የምናሰምርበት እርሳስ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ወደ ውስጥ ከዘመመ ልኩ ያንሳል። ግራው 26.1 ሆነ፣ ቀኙ 26.4። የሚያዘው ትልቁ ነው። ከፊት ሰፊው ቦታ ላይ ደግሞ 10.8 ሴንቲ። ይሄኛውን ልኬት ማንም አይጠይቃችሁም፣ እናንተ ግን ለክታችሁ ላኩ፤ አባዬን ያደማው ርዝመቱ ብቻ አልነበረም።

አንድ ወጥመድ አለ። ሻጩ ሰንጠረዡ ላይ "26.5 ሴንቲ" ብሎ ሲጽፍ የእግሩን ርዝመት ይሁን የውስጥ ሶሉን አይናገርም። የውስጥ ሶሉ 26.5 ከሆነ ለአባዬ አይሆንም፣ ከእግሩ ወደ አንድ ሴንቲ መብለጥ አለበት። ስለዚህ የውስጥ ሶሉን አውጥተው፣ ሜትር አስደግፈው፣ ፎቶ እንዲያነሱልኝ እጠይቃለሁ። የማይወጣ ከሆነ ሜትሩን ውስጥ አስገብተው። "ትክክለኛ ልክ ነው፣ አትጨነቂ" የሚል ሻጭ ጋር አልከራከርም፣ ሌላ ጋ እሄዳለሁ። የቻይና ጫማ ውስጥ 265(2.5) ዓይነት ጽሑፍ ካያችሁ፣ የመጀመሪያው የእግሩ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፣ ቅንፍ ውስጥ ያለው የስፋቱ ደረጃ ነው። ሰፊ እግር ላለው ሰው ይህቺ ቅንፍ ወርቅ ናት።

ቆዳውን በተመለከተ፣ "ጀኒውን ሌዘር" የሚለውን ቃል አትመኑት። ከቆዳ የተሠራ ነው ከማለት ብዙም አያልፍም። ቆዳ ተሰንጥቆ የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ ይለያያል፣ ጥንካሬው ያለው የላይኛው ላይ ነው። የታችኛው ላይ ፕላስቲክ ይቀባና ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ላይ ከላይኛው የበለጠ ያምራል፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ ይላጣል። ፒዩ የሚሉት ደግሞ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። በፎቶ ለመለየት የተቆረጠ ጠርዝ ነው የሚታየው፣ ለምሳሌ ምላሱ ዳር። ቆዳ ከሆነ ጠርዙ ጭረት ጭረት ያለው፣ ጸጉራም ነገር ነው። ፒዩ ከሆነ ከሥር የጨርቁ ሽመና ይታያል።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ጫማ ከሆነ ሥራው ይቀላል። እዚያ በ1994 በወጣ መመሪያ መሠረት ጫማው ላይ የፊቱ፣ የገበሩና የሶሉ ዓይነት በሥዕል ወይም በጽሑፍ መታየት አለበት። ሥዕሉ የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ካለው ቆዳ ነው። በቆዳው መሃል አልማዝ፣ ማለትም በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን፣ ካለ ቆዳው ሽፋን ተቀብቶበታል። አልማዝ ብቻውን ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እንደ ፕላስቲክ። ያቺን ትንሽ ምልክት አቅርበው ፎቶ እንዲያነሷት ጠይቁ።

ሶሉ ላይ ጨከን በሉ። የእኛ ኮብልስቶን ሶል ይበላል። ቀላል ናቸው እየተባሉ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከላይ እስከ ታች ፎም ብቻ ናቸው፣ ከሥር ምንም ላስቲክ የላቸውም። ቤት ውስጥ ይመቻሉ፣ መንገድ ላይ ግን ቶሎ ነው የሚያልቁት። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ሶል ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላውና ከዓመታት በኋላ ይፈርሳል፣ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን። አክስቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝን ጫማ ለሠርግ እያልኩ ሰባት ዓመት አስቀመጥኩት። ያደረግኩት ቀን አዳራሹ ደጃፍ ላይ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። አንድ ሞዴል ድንገት ዋጋው ከወረደ አሮጌ ክምችት ሊሆን ስለሚችል፣ መለያው ላይ የምርት ቀን ካለ እሱንም በፎቶ እጠይቃለሁ።

ጓንዡ ያለው ልጅ ጫማው ሲደርሰው የሚያደርገውን አሁን በቃሉ ያውቀዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ያቆምና ከኋላ ያነሳል፤ ተረከዞቹ እኩል ቁመት ከሌላቸው ወይም አንዱ ወደ ጎን ካጋደለ ይታያል። በጣቱ ጫፉን ጫን ያደርጋል፣ ጫማው እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ ሶሉ ጠማማ ነው። ቀጥሎ ቪዲዮ ነው፣ ከጣቶቹ መታጠፊያ ላይ ያጥፈዋል። ጫማ መታጠፍ ያለበት እግር የሚታጠፍበት ቦታ ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ እግር አይደግፍም። ሲታጠፍ በሶሉና በፊቱ መካከል ክፍተት የሚታይ ከሆነ ማስቲሹ አልያዘም ማለት ነው፣ እዚያው ይመለስ እላለሁ። በመጨረሻ እጁን እስከ ጫፉ ድረስ ያስገባል፣ የወጣ ስፌት ወይም ሹል ነገር ካለ እንዲዳስስ። ሁለቱም ተመሳሳይ ቁጥር መሆናቸውንም ያያል። እኔ ላይ አልደረሰም፣ ጓደኛዬ ግን አንዱ 38 አንዱ 39 ደርሷታል።

ሽታም ጠይቁ። አዲስ ጫማ ማስቲሽ ይሸታል፣ ያ ይጠፋል፤ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ግን ይቅር። አውሮፓ ውስጥ በ2008 አካባቢ ሶፋና ጫማ ሻጋታ እንዳይዝ ተብሎ በትንንሽ ከረጢት ይገባ የነበረ ዳይሜቲል ፉማሬት የተባለ ኬሚካል የብዙ ሰው ቆዳ አቃጥሎ፣ በ2009 ታግዷል። ስለዚህ ጫማው ሲደርሰኝ ውስጡ የማላውቀው ትንሽ ከረጢት ካለ አውጥቼ እጥላለሁ፣ ጫማውንም ሁለት ቀን አየር አስመታዋለሁ።

ካርቶኑን አስጥሉት። ፈጣን መልእክት ላኪዎች የዕቃውን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፣ ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በዚያ ነው። 33 በ21 በ12 የሆነ ሳጥን ወደ 1.7 ኪሎ ይመጣል፣ ውስጡ ያለው ጫማ ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ እንኳ። ጫማው ውስጥ ግን ወረቀት ይጠቅጠቅበት፣ አለዚያ ተጨፍልቆ ይመጣል።

የሻጩን ኮከብ ብዙም አላይም። የማየው ገዢዎች ራሳቸው ያነሱትን ፎቶ ነው፣ በተለይ ከወራት በኋላ ተመልሰው የጻፉትን። በዋጋው ሲሶ "ኦሪጅናል" የሚለውንማ ተዉት፣ ፉጂያን ውስጥ ፑቲየን የምትባል ከተማ የታወቁ ስኒከሮችን አስመስሎ በመሥራት ስሟ የገነነ ነው። ኮፒ መሆኑን አውቆ የሚገዛ ሰው መብቱ ነው፤ የሚያበሳጨኝ በኦሪጅናል ስም ሲሸጥ ነው።

አሁን ለቆዳ ጫማ መጀመሪያ የምሄደው መርካቶ ሸራ ተራ ነው፣ ሠሪውን ፊት ለፊት አግኝቼ ስለማናግረው። ከውጭ የማዘው የስፖርት ጫማ ብቻ ሆኗል። ለአባዬም በስተመጨረሻ ያመጣሁለት ሰፊ የእግር ጉዞ ጫማ ነው፣ ጥቁር፣ የውስጥ ሶሉ 27.5። ሁለት ጥንድ አስመልሼ ሦስተኛውን ነው ያሳለፍኩት። ማታ አምጥቼ ሰጠሁት። ቆመና ጣቶቹን ውስጥ አንቀሳቀሳቸው፣ ከላይ ሆኜ ሲንቀሳቀሱ ታየኝ። ማንኪያ አልጠየቀም።