ከመሪ ጀርባ ሆኜ ያየኋቸው አንበሶች

የምኖረው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። አንዲት ኮስተር አለችኝ። ጠዋትና ማታ የተማሪ ሰርቪስ እሠራባታለሁ፤ ትምህርት ቤቶች ጉብኝት ሲወጡ ደግሞ ኮንትራት እይዛለሁ። ስለዚህ ፈለግሁም አልፈለግሁም የአዲስ አበባን አንበሶች ከብዙ ሰው በላይ አይቻለሁ። ልጆቹ ያድጋሉ፣ መምህራኑ ይቀየራሉ፣ እኔ ግን ያው ነኝ። ከጊዜ ወዲህ የምንሄድበት ቦታም እየተቀየረ ነው። የዛሬው ወሬዬ እሱ ነው።

ድሮ አማራጭ የሚባል ነገር አልነበረም። «ልጆቹን እንስሳ ልናሳይ ነው» ከተባለ ስድስት ኪሎ ነው፣ አንበሳ ግቢ። በአስኮ፣ በዊንጌት፣ በጊዮርጊስ አድርገን እንወጣለን። የየካቲት 12 ሐውልት ሲታይ ልጆቹ መቀመጫ ላይ መቆም ይጀምራሉ፣ ረዳቴም መጮህ ይጀምራል።

ግቢው የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. በጃንሆይ ጊዜ ነው። መነሻዎቹ ሰባት አንበሶች ናቸው ይባላል፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከደቡብ ምዕራብ የተያዙ። ያኔ አንበሳ የመንግሥት ጉዳይ ነው። የንጉሡ ማዕረግ «ሞአ አንበሳ» ነው፣ ባንዲራው ላይ አንበሳ አለ፣ ከተማው የሚሳፈርበት አውቶቡስ አንበሳ ነው። ደርግ መጣና ንጉሡም ወረዱ፣ የባንዲራው አንበሳም ወረደ። የስድስት ኪሎዎቹን ግን ማንም አልነካቸውም፤ ሥጋቸውን እየበሉ መንግሥት ሲቀያየር ተመለከቱ። ዘውድ፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ፣ ሁሉንም።

የአንበሶቹ ቤት ክብ ነው። ዙሪያውን በክፍል በክፍል ተከፍሏል፣ ከፊቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ክብ መሆኑ ለልጆች ጣጣ ነው። ዞረው ሲጨርሱ የመጀመሪያው አንበሳ ጋ ይመለሱና እንደገና ይቆጥሩታል። ወደ ቤት ስንመለስ ዊንጌት እስክንደርስ ድረስ ክርክሩ «ስንት ነበሩ?» ነው።

አንድ ወንድ አንበሳ አስታውሳለሁ። ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሁልጊዜ የሚዞረው በቀኝ ትከሻው በኩል ነው። በዚያ በኩል ያለው ሲሚንቶ ከሌላው ይልቅ ልሙጥ ሆኗል። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ሱሪዬን ጎተት አደረገችና «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶት ነው የሚፈልገው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «መምህርሽን ጠይቂ» አልኩና ሸሸሁ። መምህርቷም ሰምታ ዝም አለች።

ከአንበሶቹ ሌላ ዝንጀሮና ጦጣ አለ፣ ኤሊ አለ፣ ዳክዬ አለ። እውነቱን ለመናገር ትንንሾቹ ልጆች የሚስቁት እዚያ ነው። አንበሳው ጋ ዝም ይላሉ።

ስለ ጎፈሩ ሁሉም ይጠይቃል። የእኛ አንበሶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ነው፣ ደረታቸውን አልፎ ሆዳቸው ሥር ድረስ ይወርዳል። ኮሌጅ የሚማረው ልጄ ስልኩ ላይ አንብቦ እንዳስረዳኝ፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የ15 የስድስት ኪሎ አንበሶችን የዘር ናሙና መርምረው ውጤቱን በ2005 ዓ.ም. አውጥተዋል። ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው ነው ያገኟቸው። በአንድ በኩል ደስ ይላል። በሌላ በኩል ግን ከሰባት ተነስቶ እርስ በርሱ የተዋለደ ቤተሰብ ነውና ተመራማሪዎቹ እርባታው በዕቅድ ይመራ ብለው መክረዋል። የጎፈሩ ነገር ደግሞ የዘር ብቻ ላይሆን ይችላል። ቀዝቃዛ አገር ባሉ መካነ እንስሳት የሚኖሩ አንበሶች ጎፈራቸው እንደሚበዛ ታይቷል። የአዲስ አበባን ብርድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተር ሳሞቅ እኔም ጎፈር ቢኖረኝ አልጠላም።

«ጫካ ውስጥስ አሁንም አንበሳ አለ?» የምትል ጥያቄም አትጠፋም። አለ። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ሱዳን ድንበር ላይ ባለው አልጣሽ ፓርክ ካሜራ አጥምደው አንበሶች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። የአካባቢው ሰውማ ድሮም ያውቅ ነበር፤ ዓለም ነው ዘግይቶ የሰማው።

ከዚያ አንድነት ፓርክ መጣ። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የምኒልክ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ተከፈተ፣ አንበሶችም እዚያ ገቡ። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ወደዚያ ጎረፉ። ለእኔ ማለት ልጆቹን አውርዶ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ መዞር ማለት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያወቅሁት ከልጆቹ ወሬ ነው። የሚገርመው፣ ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ አንበሳው ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ ደርግ ባለሥልጣናቱን ያሠረበትን ምድር ቤት ነው የሚያነሱት። በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ አየሁት። ጽዱ ነው፣ ያምራል፣ እንስሳቱም ከስድስት ኪሎ የተሻለ ቦታ አላቸው። ግን ያው፣ አንበሳው ተመልሶ ቤተ መንግሥት ገባ።

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልምጣ። ከቡራዩ በሆለታ መንገድ ወጣ ሲባል መናገሻ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ስፋቱ 77 ሄክታር ነው። እዚያ ያሉት እንስሳት ለሰው እንዲታዩ የመጡ አይደሉም። ከኮንትሮባንድ የተያዙ፣ በሰው ግቢ በሰንሰለት የኖሩ፣ ባለቤት ነኝ ያለው ሰው ሲያድጉበት የፈራቸው ናቸው። ዶሎ የሚባል አንበሳ ነበራቸው፤ ከዶሎ ከተማ ነው የመጣው። አጭር ሰንሰለት አንገቱ ላይ ኖሮ ጎፈሩን በልቶት ነበር። ሰፊ ቦታ ላይ ሲለቁት ጎፈሩ ተመልሶ በቀለ።

መጀመሪያ ልጆች ይዤ የሄድኩ ቀን መምህሩ ተናደደ። አጥሩ ጋ ቆመናል፣ ውስጡ ሣርና ቁጥቋጦ ነው፣ አንበሳ የለም። ቆየት ብሎ ከሣሩ ውስጥ አንድ ጆሮ ታየ። ጆሮ ብቻ። አንዱ ልጅ «ቤቱ ውስጥ የለም እንዴ?» ሲል አስጎብኚው «ቤቱ ነው ያለው፣ እንግዳ ማየት አልፈለገም» አለው። እኔ ይህን መልስ ወደድኩት። እንግዳ ሲበዛብኝ ጓዳ የምገባ ሰው ነኝ።

አቦሸማኔዎቹ ጋ ስንደርስ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ አንጋጠው ዛፍ ላይ ወፍ ይፈልጋሉ። ጭው ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፣ የጫጩት ዓይነት። ወፍ የለም። አስጎብኚው በጣቱ አሳየን፣ ለካ የምትጮኸው አቦሸማኔዋ ናት! ጉብታ ላይ ቆማ፣ አፏን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ ከእኛ ራስ በላይ አሻግራ እያየች። አቦሸማኔ እንደ አንበሳ ማግሳት አይችልም፣ እንዲህ ነው የሚጣራው። አቦሸማኔዎቹ ገና ግልገል ሆነው ነው በኮንትሮባንድ የተያዙት። እንዲህ ያሉ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል ወደ አረብ አገር ይሻገራሉ፣ ሀብታም ቤት የሚያሳድጋቸው አለ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። የተረፉትን ደግሞ መልሶ ጫካ መልቀቅ ቀላል አይደለም፤ አደን የምታስተምር እናት ናት፣ እሱም አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሰው ያሳደገው አንበሳም ቢሆን ሰው አይፈራም፣ ከተለቀቀ የገበሬ ከብት ጋ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እዚያው ይጦራሉ።

ከዚያ የቡራዩ ልጆች ተራ ሆነ። መንገዱ ዳር ነጭ የደረቀ ኩስ ነበር። አስጎብኚው «ይህ የማን ይመስላችኋል?» ሳይል ከኋላ ያሉት «የጅብ!» ብለው ጮኹ። ነጭ የሚሆነው አጥንት ስለሚበላ ነው፤ ማስረዳትም አላስፈለገውም። «እኛ ሰፈርም አለ!» አለ አንዱ፣ ኩራት በተሞላበት ድምፅ። ውሸት የለውም። ሌሊቱ ሳይነጋ ስወጣ ቆሻሻ መጣያው ጋ የመኪናዬ መብራት ሲያርፍባቸው ዞር ብለው አይተውኝ ይቀጥላሉ። ግቢ አልተሠራላቸው፣ ትኬት አልተቆረጠላቸው፣ ማንም ለጉብኝት አይመጣላቸውም። ያኔ ከቦሌ በኩል ከመጡት ልጆች ጋር ደርበን ስለነበር የእኛዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አስረጂ ሆነው ዋሉ።

አንዳንድ ትምህርት ቤት ግን መናገሻን አይወደውም። «ከፍለን፣ ይህን ሁሉ መንገድ ሄደን፣ አንበሳ በደንብ ሳናይ ተመለስን» ያለኝ ርዕሰ መምህር አለ። ይገባኛል፣ ወላጅ ፎቶ ይፈልጋል። ፎቶ ከሆነ የተፈለገው ስድስት ኪሎ ይሻላል፣ አንበሳው ከፍርግርጉ ሌላ የሚሄድበት የለውም። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን ጆሮ ብቻ ወዳየንበት ነው የምወስደው።

ዘንድሮ አንድ ትምህርት ቤት ሦስቱንም በአንድ ቀን አዙረን ብሎኛል። አይሆንም አልኩ። የጊዮርጊስን መጨናነቅ ለማያውቅ ነው እንዲህ የሚነገረው። ስድስት ኪሎና አንድነት ፓርክ አንድ ቀን፣ መናገሻ ሌላ ቀን። ለመናገሻው ሹራብና የሚረገጥ ጫማ ይያዙ፣ ከሰኔ በፊት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ጭቃ ነው። ሒሳቡም የሁለት ቀን ነው።